የፎገራ ሩዝና የወረዳው ድርሻ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚያመራ መንገደኛ 60 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዘ ወረታ ከተማ ይደርሳል። ወረታ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በተንጣለለው የፎገራ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች የደቡብ ጎንደር ከተማ ስትሆን፣ ወደ ጎንደር የሚዘልቀው አውራ ጎዳናና በደብረ ታቦር በኩል ወደ ጋይንትና ወደ ወልድያ የሚያቀናው መንገድ የሚለያዩባት መገንጠያ ናት። የመኸሩ ሩዝ ተወቅቶ ወደ ገበያ በሚወጣበት ወራት በከተማዋ የሚያልፍ ሁሉ የመፈልፈያ መኪናዎችን ድምፅ ይሰማል፤ በየግቢው የተከመረውን የሩዝ ገለፈት፣ ጆንያ የሚጭኑና የሚያወርዱ የቀን ሠራተኞችን፣ ተራቸውን የሚጠብቁ ጋሪዎችንና የጭነት መኪናዎችን ይመለከታል።

ይህ ሁሉ እንቅስቃሴ የቆመው የዛሬው ገበሬ አያቶች ዘርተውት በማያውቁት እህል ላይ ነው። ሩዝ ለፎገራ እንግዳ ነበር። ዛሬ ግን የገበሬው ቀለብ፣ የነጋዴው ሸቀጥ፣ የፈልፋዩ ሥራና የቀን ሠራተኛው እንጀራ ሆኗል። ታዲያ ይህ ለውጥ እንዴት መጣ? ማንስ ምን ሠራ? ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚገኘው መልስ ለፎገራ ብቻ ሳይሆን፣ በየወረዳው ንግድንና አነስተኛ ኢንዱስትሪን ለማስፋፋት ለሚደክም ሁሉ ትምህርት የሚሰጥ ነው።

መልሱም ባጭሩ ሲነገር፣ የአካባቢ አስተዳደር ንግድን የሚያሳድገው ራሱ ነጋዴ ሆኖ ወይም ነጋዴውን በትእዛዝ እየነዳ ሳይሆን፣ ገበሬም ሆነ ነጋዴ ብቻውን ሊወጣው የማይችለውን የጋራ ሥራ በወቅቱ ሲሠራ ነው የሚል ነው። ፎገራ ይህ ሥራ በተሠራበት ቦታ የተገኘውን ፍሬም ሆነ ባልተሠራበት ቦታ የሚደርሰውን ኪሳራ አጣምሮ ያሳያል።

ውሃ የሚተኛበት ሜዳ

የርብና የጉማራ ወንዞች ከጉና ተራራ ተነሥተው የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ክረምት ሲሆን ሁለቱም ከአፍ እስከ ገደፋቸው ይሞሉና ሜዳውን ያጥለቀልቁታል። አፈሩ ውሃ የሚይዝ ጥቁር ዋልካ በመሆኑ የተኛው ውሃ ቶሎ አይሸሽም። በዚህም ምክንያት የሜዳው ሰፊ ክፍል በክረምት ለሌላ ሰብል የማይመች ሆኖ፣ ለረጅም ዘመን የከብት መሰማሪያ ሆኖ ኖሯል። በወተቷና በግዝፈቷ ስሟ የሚነሣው የፎገራ ላም የዚህ ሜዳ ልጅ ናት። ገበሬው ደግሞ ክረምቱ አልፎ ውሃው ሲጎድል በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ እየዘራ ይተዳደር ነበር።

ሩዝ ለዚህ ሜዳ የተመቸው ሌላው ሰብል የሚሸሸውን ውሃ ስለሚወድ ነው። በረግረጉ ውስጥ ማንም ሳይዘራው የዱር ሩዝ ይበቅል ስለነበር፣ ሜዳው ለሩዝ የሚስማማ ስለመሆኑ ተፈጥሮ ራሷ ምልክት ሰጥታ ነበር ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ከምልክቱ እስከ ጎተራው ድረስ ያለው መንገድ አጭር አልነበረም።

ከ6 ሄክታር የተነሣ ጉዞ

የሚዘራው ሩዝ ወደ ፎገራ የገባው በ1970ዎቹ ዓመታት ነው። በዚያን ጊዜ ጅግናና ሻጋ በተባሉት ቀበሌዎች በነበሩት የገበሬዎች አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ሩዝ ተሞከረ። በሜዳው ላይ በስፋት ሲዘራ የኖረው ዝርያ “ኤክስ ጅግና” የሚባለውም በዚሁ የተነሣ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የአምራቾቹ ማኅበራት ሲፈርሱ ግን የሩዙም ነገር አብሮ ተዳከመ።

በ1986 ዓ.ም. መኸር ሥራው እንደገና ሲነሣ፣ ሩዝ የዘሩት በሁለት ቀበሌዎች የሚገኙ 30 ገበሬዎች ብቻ ነበሩ። በዘር የሸፈኑት መሬት በጠቅላላው 6 ሄክታር ነበር። ለእያንዳንዳቸው ሲካፈል አንድ ጥማድ እንኳ አይሞላም። ከ10 ዓመት በኋላ ግን በወረዳው ሩዝ የሚዘራበት መሬት በሺህ በሚቆጠር ሄክታር የሚለካ ሆነ። ሰብሉም ወደ ደራ፣ ወደ ሊቦ ከምከምና ወደ ደምቢያ ተዛመተ።

ለዚህ መስፋፋት ዋናውን ድካም የደከመው ገበሬው መሆኑ አያጠራጥርም። የሩዝ እርሻ አረሙ ብዙ ነው፤ ጉልበት ይጨርሳል። ይሁን እንጂ ጀማሪው እርምጃ የግብርናው መሥሪያ ቤት ድርሻ ነበር። አንድ ገበሬ የማያውቀውን ዘር ለመሞከር ሲነሣ ኪሳራው የእሱ ብቻ ነው፤ ቢሳካለት ግን ትርፉን ጎረቤቱ ሁሉ ይካፈለዋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ፈተና በግሉ ሊሸከም የሚፈቅድ ሰው ጥቂት ነው። ዘሩን ማምጣት፣ ማሳውን ማሳየት፣ አዘራሩንና አረሙን ማስተማር፣ ከዓመት ዓመት ዘሩ እንዳይጠፋ መጠበቅ የሕዝብ አገልግሎት ነው። “50 ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለ50 ሰው ጌጡ ነው” እንዲሉ፣ ለአንድ ገበሬ ሸክም የነበረው በብዙዎች ትከሻ ሲከፋፈል ቀለለ።

በዚህ ረገድ የአዴት የግብርና ምርምር ማዕከል የሩዝ ዝርያዎችን እየሞከረ በማውጣት ድርሻውን አበርክቷል። ከወጡት ዝርያዎች አንዱ “ጉማራ” የሚል የወንዙን ስም ይዟል። በ1990ዎቹ ማብቂያ ደግሞ ፎገራ የገበሬውን ምርት ከገበያ ጋር ለማገናኘት በካናዳ መንግሥት እርዳታ በተካሄደው ፕሮጀክት ከታቀፉት 10 የሙከራ ወረዳዎች አንዷ ነበረች። በ2002 ዓ.ም. መንግሥት አገር አቀፍ የሩዝ ልማት ስትራቴጂ አወጣ። በ2000ዎቹ አጋማሽም የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል እዚያው ወረታ ላይ ተቋቋመ፤ የጃፓን መንግሥትም በባለሙያና በሥልጠና ረድቶታል።

ልብ ሊባል የሚገባው ግን የእነዚህ ሁሉ ተራ ነው። ስትራቴጂውና ማዕከሉ የመጡት ገበሬው፣ ነጋዴውና ወረዳው ሥራውን ከጀመሩ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ነገሩ ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ የወጣ እንጂ ከላይ ወርዶ የተተከለ አልነበረም።

የወረታ መፈልፈያዎች

ጤፍ ወይም በቆሎ በማናቸውም የቀበሌ ወፍጮ ሊፈጭ ይችላል። ሩዝ ግን ከገለፈቱ ካልተላቀቀ አይበላም። መፈልፈያ መኪና ባልነበረበት ጊዜ ሥራው በሙቀጫ በሴቶች ጉልበት ይሠራ ነበር። በዚህ ዓይነት የቤት ቀለብ እንጂ ለገበያ የሚሆን ሩዝ ማዘጋጀት አይቻልም። ስለዚህ መፈልፈያ ባይመጣ ኖሮ ሩዙ በማሳ ቢሰፋም ንግዱ ባልተከተለ ነበር።

መኪናዎቹን ገዝተው የተከሉት በአብዛኛው የግል ባለሀብቶች ናቸው። ብዙዎቹም በወረታ፣ በተለይም በአውራ ጎዳናው ዳርና ዳር ሰፈሩ። ወረታን የመረጡት በአጋጣሚ አይደለም። የጎንደርና የወልድያ መንገዶች መገንጠያ በመሆኗ ገዥ ከየአቅጣጫው ይደርስባታል። ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ በቻይና መንግሥት እርዳታ የተሠራ ሲሆን፣ ሜዳውን ከሰሜን ወሎ ገበያ ጋር ያገናኘዋል። ከተማዋ የኤሌክትሪክ ኃይል አላት። ፈልፋዮቹ በአንድ ቦታ መሰብሰባቸው ራሱ ሌላ ጥቅም አስከተለ። ከሩቅ የመጣ ነጋዴ የአንዱ ግቢ ምርት ባይበቃው ወደ ቀጣዩ ግቢ ይሻገራል፤ መካኒኩ፣ መለዋወጫ ሻጩ፣ ጆንያ አቅራቢውና ጫኝና አውራጁም ሥራ ወዳለበት ይሰበሰባሉ።

በዚህ ሂደት የወረዳውና የማዘጋጃ ቤቱ ድርሻ ምን ነበር? መፈልፈያ ለመትከል ቦታ ያስፈልጋል፤ በከተማ ቦታ የሚሰጠው ደግሞ አስተዳደሩ ነው። ንግድ ፈቃዱ፣ ጆንያ የጫነ መኪና የሚገባበት የውስጥ መንገድ፣ የክረምት ውሃ መውረጃ ቦዩ፣ የመብራት ጥያቄው ሁሉ በአስተዳደሩ በር ያልፋል። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው ያልተማከለ አስተዳደር ባጀት በቀጥታ ወደ ወረዳ መውረድ ስለጀመረ፣ በአማራ ክልልም ወረዳዎች ገንዘቡን ለየትኛው ሥራ እንደሚያውሉ ራሳቸው የመወሰን ሥልጣናቸው ሰፋ። ለአነስተኛ ተበዳሪዎች ደግሞ የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በየወረዳው ቅርንጫፍ ከፍቶ ያበድር ነበር፤ ይኸው ተቋም በኋላ ጸደይ ባንክ ሆኗል።

ከሩዙ የሚገኘው ጥቅም በፍሬው ብቻ አይወሰንም። ፍሬው ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ይሆናል፤ ዳቦ ይጋገርበታል፤ ጠላና አረቄም ይወጣዋል። ፉርሽካው ለከብት ማድለቢያ ይሸጣል። ጭዱ በበጋ ግጦሹ ሲደርቅ ለፎገራ ከብት መኖ ነው፤ ቤትም ይከደንበታል። ገለፈቱ ለማገዶ ይውላል። ከአንድ ኩንታል ያልተፈለፈለ ሩዝ 20 ኪሎ ያህሉ ገለፈት በመሆኑ፣ ይህን ተረፈ ምርት በአግባቡ መጠቀም ቀላል ጉዳይ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ከ220 ሺህ በላይ ነዋሪ ለተቆጠረበት ወረዳ፣ መሬት የሌለው ወጣት ሁሉ ሥራ የሚያገኘው በእርሻ ላይ ሊሆን አይችልም። ጭነቱ፣ ማበጠሩ፣ መካኒኩ፣ ማድለቡና ችርቻሮው ያስፈልጉታል።

ጥሩውና መጥፎው በአንድ ዋጋ

እስካሁን የተነገረው የሥራውን መልካም ጎን ነው። ሌላው ጎን የሚታየው ከፎገራ የመጣው ሩዝ በከተማ ሱቅ ውስጥ ከውጭ አገር ሩዝ አጠገብ ሲቀመጥ ነው። የውጭው ነጭ፣ እኩል ቁመት ያለውና የተለቀመ ነው። የፎገራው ብዙ ጊዜ ስብርባሪ ይበዛበታል፤ መልኩም የተለያየ ነው፤ አልፎ አልፎም ጠጠር ይገኝበታል። የከተማው ሰው ለቅቅል ሩዝ የውጭውን ይመርጣል። የፎገራው በአመዛኙ ለእንጀራ ማደባለቂያ ይፈለጋል። ኢትዮጵያ ከውጭ የምታስገባው ሩዝ በ2008 ዓ.ም. አካባቢ በዓመት ከ300 ሺህ ቶን በላይ ደርሶ ነበር። ይህም ማለት 3 ሚሊዮን ኩንታል ሩዝ በውጭ ምንዛሪ ይሸመታል ማለት ነው።

ስብርባሪው የሚመጣው ከየት ነው? ጥፋቱ የአንድ ወገን አይደለም። ከዓመት ዓመት ከጎረቤት በመዋዋስ የሚዘራው ዘር ተደባልቋል፤ ዘሩ ሲደባለቅ የፍሬው ቁመትና ውፍረት ይለያያል፤ መፈልፈያው ለአንዱ ሲስተካከል ሌላውን ይሰብራል። ሩዙ በማሳ ላይ ከመጠን በላይ ሲደርቅ ፍሬው ይሰነጠቃል፤ እርጥብ ሆኖ ሲከመር ደግሞ መልኩ ይለወጣል። በመሬት አውድማ ላይ በበሬ ሲወቃ ጠጠርና አፈር ይገባበታል። ከዚህ ሁሉ በኋላ መፈልፈል፣ ማጥራትና መለየት በአንድ ጊዜ በሚሠራ ቀላል መኪና ሲያልፍ የቀረውም ይሰበራል።

እያንዳንዱ ችግር መፍትሔ እንዳለው ይታወቃል። የምርምር ማዕከሉ ሻጋና ዋንዛዬ የተባሉትን ጨምሮ አዳዲስ ዝርያዎች አውጥቷል። በሸራ ላይ መውቃት ጠጠርን ይከላከላል። ሩዝን በገለፈቱ ቀቅሎ አድርቆ መፈልፈል ስብራትን በእጅጉ ይቀንሳል። ሥራውን ደረጃ በደረጃ የሚሠሩ የተሻሉ መኪናዎችም አሉ። ታዲያ ገበሬውና ፈልፋዩ ለምን ቶሎ አልተቀበሏቸውም?

ዋናው ምክንያት የገበያው አሠራር ነው። ጥሩው ሩዝ ከመጥፎው ጋር ተደባልቆ በአንድ ዋጋ የሚገዛ ከሆነ፣ በሸራ ወቅቶ ንጹሕ ዘር የዘራው ገበሬ ድካሙ ከንቱ ይሆናል። ውድ መኪና የተከለ ፈልፋይም ወጪውን የሚመልስበት መንገድ የለውም። እያንዳንዱ ብልህ ሆኖ የራሱን ጥቅም ሲያሰላ ሁሉም በአንድነት ይከስራሉ። ይህን ቋጠሮ ገበሬው ብቻውን አይፈታውም፤ ነጋዴውም ብቻውን አይፈታውም። ሁሉም የሚያምነው የጥራት ደረጃ፣ ለየደረጃው የተለየ ዋጋ የሚነገርበት የገበያ ቦታና ይህን የሚቆጣጠር አካል ያስፈልጋል። በ1986 ዓ.ም. ዘሩ የሕዝብ አገልግሎት እንደነበረ ሁሉ፣ ዛሬ የሕዝብ አገልግሎት የሚሆነው የጥራት ደረጃው ነው።

የሚዛንና የግብር ጉዳይ

የወረዳው የንግድ ጽሕፈት ቤት በእጁ ካሉት መሣሪያዎች ሁሉ ርካሹና ኃይለኛው ሚዛን ነው። ገበሬው የገበያውን ሚዛን ካላመነ፣ ምርቱን እዚያው በሩ ላይ ለመጣው ደላላ በግምት መሸጥን ይመርጣል፤ በግምት ሽያጭ ደግሞ ሁልጊዜ የሚጎዳው መረጃ የሌለው ነው። በየጊዜው የሚመረመር ሚዛንና በገበያ ቀን በሰሌዳ ላይ የሚጻፍ የዕለቱ ዋጋ የሚጠይቁት ባጀት አነስተኛ ሲሆን፣ የሚያመጡት መተማመን ግን ከፍተኛ ነው።

ሌላው ችግር የሽያጩ ወቅት ነው። ገበሬው የማዳበሪያ ዕዳ፣ የመሬት ግብርና የቀን ሠራተኛ ክፍያ የሚጠየቀው ሩዙ ከአውድማ በተነሣበት ሰሞን ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲሸጥ ዋጋው ይወርዳል፤ ከወራት በኋላ ዋጋው ሲያንሰራራ በገበሬው ጎተራ የቀረው የቀለቡ ብቻ ነው። ፈልፋዩም ቢሆን በመኸር ሰሞን ሥራ ይበዛበታል፤ በሌሎቹ ወራት ግን መኪናው ሥራ ፈትቶ ይቆማል። ሽንኩርት ላይ ችግሩ የባሰ ነው። የርብንና የጉማራን ውሃ በሞተር እየሳቡ በበጋ ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬዎች ምርታቸው በአንድ ሰሞን ስለሚደርስና ስለሚበላሽ፣ በዋጋ ከደላላ ጋር ለመከራከር ጊዜ የላቸውም። የኅብረት ሥራ ማኅበራት መጋዘንና ምርትን በመያዣነት የሚቀበል ብድር ቢስፋፋ፣ ሩዙ በዓመቱ ወራት ተከፋፍሎ ወደ ገበያ ይወጣል፤ ለሽንኩርቱም የማቆያ ስፍራ ይገኛል።

ግብርን በተመለከተ ደግሞ አንድ የማይረሳ ትምህርት አለ። በ2009 ዓ.ም. ክረምት በአነስተኛ ነጋዴዎች የቀን ገቢ ላይ በተካሄደው ግምት ምክንያት በልዩ ልዩ የአገሪቱ ከተሞች ሱቆች ተዘግተው፣ ቅሬታ ተሰምቶ ነበር። ነጋዴው ያማረረው ግብር መክፈሉን ብቻ አልነበረም፤ እንዴት እንደተገመተበት አለማወቁም ጭምር ነበር። ገምጋሚው ያለመዝገብ ሲገምት ነጋዴውም ያለመዝገብ መሥራትን ይለምዳል። መዝገብ የሌለው ነጋዴ ደግሞ ባንክ አያበድረውም፤ ሳይበደር የተሻለ መኪና አይገዛም። በመሆኑም መዝገብ መያዝን ማስተማርና በመዝገቡ መሠረት ማስከፈል ከግብር ሰብሳቢነት አልፎ ንግድን የማሳደግ ሥራ ነው።

የሌሎች አገሮች ልምድ

የአካባቢ አስተዳደር ንግድን በማገዝ ያደረገው ጥረት በሌሎች አገሮችም ታይቷል። በጃፓን ኦይታ በተባለው አውራጃ፣ ሞሪሂኮ ሂራማትሱ የተባሉት አገረ ገዥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1979 “አንድ መንደር አንድ ምርት” የተሰኘውን እንቅስቃሴ አስጀመሩ። አውራጃው ወጣቶቹ ወደ ትልልቅ ከተሞች እየፈለሱ የተቸገረ ነበር። አስተዳደሩ ለአምራቾች ገንዘብ ከማደል ይልቅ በሥልጠና፣ በምርት ጥራት ምርምርና ገበያ በማፈላለግ ላይ አተኮረ። እያንዳንዱ መንደር የሚታወቅበትን እህል፣ ፍራፍሬ ወይም እንጉዳይ አሻሽሎ፣ በራሱ ስም ለገበያ እንዲያቀርብ አበረታታ።

በቻይና ደግሞ ከ1978 ወዲህ በየመንደሩና በየአነስተኛ ከተማው የተቋቋሙት ድርጅቶች በ1990ዎቹ አጋማሽ ከ100 ሚሊዮን በላይ ለሚሆኑ ሠራተኞች ሥራ ሰጥተዋል። የአካባቢው ባለሥልጣናት የተጉት ከሚሰበሰበው ገቢ ድርሻ ለአካባቢያቸው ስለሚቀር ነበር። ይሁን እንጂ ብዙዎቹን ድርጅቶች ያስተዳድሩ የነበሩት እነዚሁ ባለሥልጣናት ስለነበሩ፣ ውድድር ሲበረታ ከፊሎቹ በዕዳ ተዘፈቁ፤ በዚያው አሥር ዓመት ማብቂያም አብዛኞቹ ወደ ግል ተዛወሩ።

ከሁለቱ አገሮች የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። ለአካባቢው የሚቀር ገቢ አስተዳደሩን ያተጋዋል፤ ነገር ግን አስተዳደሩ ሱቁንና ፋብሪካውን ራሱ ሲይዝ የኋላ ኋላ ይደክማል። የፎገራም ታሪክ ይህንኑ ያረጋግጣል። በትእዛዝ የቆሙት የአምራቾች ማኅበራት ሲፈርሱ፣ ከእነሱ የተረፈው ዘሩ ነበር። ዘሩ በገበሬው እጅ ሲገባ ግን ማንም ሳያስገድደው ሜዳውን ሸፈነ።

ጎርፍ፣ ግድብና መንገድ

ከወረዳው አቅም በላይ የሆኑ ጉዳዮችም አሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ከገደፋቸው ወጥተው በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሺህ ሰዎችን አፈናቅለዋል፤ ከዚያ ወዲህም የጎርፍ አደጋ ደጋግሞ ደርሷል። ወንዞቹ ከላይ የሚያመጡት ደለል ወለላቸውን ከፍ እያደረገው ስለሚሄድ፣ በዳርቻቸው የሚሠራው የአፈር ክትር ብቻውን ዘላቂ መፍትሔ አይሆንም። በጉና ተዳፋት ላይ ያለው ገበሬ እርከን ካልሠራ በሜዳው ላይ ያለው ገበሬ ከጎርፍ አይድንም። በርብ ላይ የተሠራው ግድብ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ የታቀደ ሲሆን፣ ጎርፉን ከማለዘብ ሌላ ለበጋ መስኖ የሚሆን ውሃ ለማጠራቀም ያገለግላል። ግድቡ ዋጋ የሚኖረው ግን ቦዩ እስከ ማሳው ሲደርስና የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ውሃውን በትክክል ሲያከፋፍል ነው።

በወረታ የተሠራው ደረቅ ወደብ የከተማዋን የመገናኛ ማዕከልነት አጠናክሯል። ይሁን እንጂ መንገድ የሚጠቅመው ክፍት ሲሆን ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የደረሰው ግጭት መንገድ መዝጋትን፣ የጭነት ዋጋ መናርንና የገበያ መስተጓጎልን አስከትሏል። ማዳበሪያው በወቅቱ ካልደረሰ፣ ሩዙም በወቅቱ ካልወጣ፣ ገበሬውም ፈልፋዩም የሚሠሩት ሥራ ፍሬ አይኖረውም። ሰላም ለንግድ ከካፒታል በፊት የሚቀድም ሀብት መሆኑን ለፎገራ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ከወረዳውና ከማዘጋጃ ቤቱ የሚጠበቀው

ወረታ ከተማ የራሱ አስተዳደር ያለው በመሆኑ፣ ሩዙ የሚበቅልበት ወረዳና ሩዙ የሚፈለፈልበት ከተማ በሁለት ጽሕፈት ቤቶች ሥር ናቸው። ሸቀጡ ግን አንድ ነው። የዘሩ ጉዳይ በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ የመፈልፈያው ቦታ በማዘጋጃ ቤቱ፣ ሚዛኑ በንግድ ጽሕፈት ቤት፣ ብድሩ በባንክ እጅ በመሆኑ፣ አንዱ የሠራውን ሌላው ካልተከተለው ጥረቱ በመሃል ይቋረጣል። ስለዚህ ገበሬዎች፣ ፈልፋዮች፣ ነጋዴዎችና ጽሕፈት ቤቶቹ ከመኸር በፊት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የሚመካከሩበት ቋሚ መድረክ ጠቃሚ ይሆናል።

በዚህ መድረክ መነሣት ያለባቸው ሥራዎች ረጅም ዝርዝር የላቸውም። በየቀበሌው ንጹሕ ዘር የሚያባዙ ገበሬዎችን መለየትና ማሳቸውን መቆጣጠር አንዱ ነው። የሩዙን ደረጃ በዓይን በሚታይ ናሙና ወስኖ፣ ናሙናውን በገበያው ቦታ ማስቀመጥ ሁለተኛው ነው። ለመፈልፈያዎች መጋዘን፣ ማድረቂያ ሜዳና በቂ የኤሌክትሪክ ኃይል ያለው የጋራ ሰፈር ማዘጋጀት ሦስተኛው ነው። ሴቶች በማኅበር ተደራጅተው ሩዝን በገለፈቱ ቀቅለው የሚያዘጋጁበትን ሥራ በብድርና በሥልጠና መርዳት ደግሞ አራተኛው ነው። የግጦሹ መሬት ሲጠብብ የፎገራ ከብት ዝርያ እንዳይጠፋ፣ ጭዱና ፉርሽካው በአግባቡ ተቀናብሮ ለእንስሳት እርባታው እንዲውል ማድረግም ሊዘነጋ አይገባውም።

ከእነዚህ ሥራዎች አንዱም አስተዳደሩ ሩዝ ገዝቶ እንዲሸጥ አይጠይቅም፤ ለአንዱ ነጋዴ አድልቶ ሌላውን እንዲገፋም አይፈቅድም። የሚጠይቀው መሥሪያ ቤቶቹ ተቀናጅተው በወቅቱ እንዲሠሩና የሠሩትን ለሕዝብ እንዲያሳውቁ ነው። 30 ገበሬዎች በ6 ሄክታር ላይ የጀመሩት ሥራ ሜዳውን በሩዝ ሊሸፍነው የቻለው፣ በዚያን ሰዓት አስፈላጊ የነበረው ዘርና ምክር ስለደረሳቸው ነው። ዛሬ የሚያስፈልገው የጥራት ደረጃና ታማኝ ሚዛን ነው። ይህ ከተሟላ የፎገራ ገበሬና የወረታ ፈልፋይ በራሳቸው ጉልበትና ብልሃት፣ 3 ሚሊዮን ኩንታል ከውጭ ሲሸምት በቆየው ገበያ ውስጥ ድርሻቸውን የማያስፋፉበት ምክንያት አይኖርም።